«ቢቆይም ግድ የለኝም» ካሉት ከሰማንያ ሁለቱ አንዱ

ለክቡር የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ግልባጭ፦ ለሚመለከታቸው ሁሉ፤ አይመለከተንም ለሚሉትም ጭምር።

ክቡርነትዎ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ያለኝን ጽኑ ምኞት ከከበረ ሰላምታ ጋር በትሕትና አቀርባለሁ። በተለይም ዓይንዎ ደህና እንዲሆን እመኛለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያነብልዎ በራስዎ ዓይን እንዲያነቡት እፈልጋለሁና። ሰው የተጻፈለትን በራሱ ዓይን ማንበብ መቻሉ ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደ ሆነ በስተርጅና ለመረዳት የበቃሁት በእርስዎ መሥሪያ ቤት ትብብር ስለ ሆነ፣ ምስጋናዬ ከዚሁ ከመግቢያው ይጀምራል።

በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አርባ አንድ ዓመት ያገለገልሁ፣ ከዚያም ውስጥ ሃያ ሁለቱን በኃላፊነት የሠራሁ፣ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ። «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በዘመኔ ስንት ጊዜ ጽፌ ማኅተም እንዳሳረፍሁበት ፈጣሪ ይወቀው። ወረቀት እንዴት እንደሚወለድ፣ በምን እንደሚታመም፣ ሲሞትም በየትኛው መደርደሪያ እንደሚቀበር አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከአንድ የሙያ ባልደረባ እንደ ተላከ ቆጥረው ቢመለከቱልኝ ደስታውን አልችለውም።

የእጅ ጽሑፉ ውበት የእኔ አይደለም፤ የባለቤቴ ነው። እርሷ ሠላሳ አራት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች መምህርት ናት። እኔ ከመስኮቱ እስከ በሩ ዘጠኝ እርምጃ፣ ከበሩም እስከ መስኮቱ ዘጠኝ እርምጃ እየተመላለስሁ እናገራለሁ፤ እርሷ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ትጽፋለች። መቀመጥ አልቻልሁም፤ ሁለት ወር ሆነኝ፣ ከተቀመጥሁ ወንበሩ ይቆረቁረኛል፣ ከቆምሁ ጉልበቴ ይነግረኛል። ስፈጥንባት ጠረጴዛውን በጠመኔ ጫፍ ትመታለች። ይኸው አሁንም መታች። የጻፈችውን መልሼ ማየት ስለማልችል፣ በሕይወቴ ሳላመሳክር የምፈርምበት ሁለተኛው ሰነድ ይህ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ አስመዘግባለሁ፤ የመጀመሪያውን በአምስተኛው ተራ ቁጥር ያገኙታል።

የጠመኔውን ነገር ሳላስረዳ ብቀጥል ነገሬ ውል ያጣል። ከስድስት ዓመት በፊት በባለቤቴ ጉሮሮ ላይ ክፉ ዕጢ ተገኘና የእርስዎ ሆስፒታል ሐኪሞች በአሥር ቀን ውስጥ አስተኝተው የድምፅ ሣጥኗን አወጡት። ድምፅዋን ወስደው ሕይወቷን ሰጡን። በዚህ ላይ አሽሙር የለኝም፤ እነዚያን ሐኪሞች እስከ ዛሬ እመርቃቸዋለሁ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እርሷ ከማስተማሪያ ክፍሏ ባስቀረቻት፣ የምግብ ሳህን በምታህል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትጽፍ፣ እኔ አነብ፣ አንብቤም በአፌ እመልስ ነበር። ክርክራችን ሳይቀር እንደ ጥንቱ ቀጥሎ ነበር። እንዲያውም ስትቆጣ ጠመኔው ስለሚሰበር፣ የቁጣዋን ልክ የማውቀው በማግስቱ ከወለሉ ላይ በምጠርገው ስብርባሪ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሰሌዳዋ ላይ ስድስት መስመር ይገባ ነበር። ዓይኔ መደብዘዝ ሲጀምር ፊደሏን አተልቃ አራት አደረገችው፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ አንድ መስመር። አሁን ያለበትን ደረጃ በቦታው እገልጻለሁ።

ቀኝ ዓይኔ በወጣትነቴ የጠፋ፣ ለሚዛን ብቻ ፊቴ ላይ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ በእርስዎ መሥሪያ ቤት መዝገብ «የግራ ዓይን የሞራ ግርዶሽ፤ አስቸኳይ ያልሆነ» ተብሎ የሰፈረው ነገር፣ በእኛ ቤት የባለቤቴ አፍ ነው።

ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ተራ ቁጥር የሌለው ቅሬታ እሪታ ይባላል ብለው ያስተማሩኝ ሰዎች ዐፅማቸው እንዳይወቅሰኝ።

አንደኛ። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮዬ የዋለው የወረርሽኙ ወሬ በተሰማ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ነበር። ሱፌን ለብሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ በባለቤቴ ክንድ ተደግፌ በማለዳ ደረስሁ። የበሩ ጥበቃ ግንባሬ ላይ ሽጉጥ የመሰለ መለኪያ ደግኖ ትኩሳቴን ካየ በኋላ «አባባ፣ የዓይን ክፍል ተዘግቷል፤ አሁን የሚገባው ትንፋሽ ያጠረው ብቻ ነው፤ እንጠራዎታለን» አለኝ። ልክ ነበር። ሰው አየር አጥቶ ሲያጣጥር እኔ አልጋ ልሻማ አልልም፤ ማንም ቢጠይቀኝ በዚህ ውሳኔ ላይ እፈርማለሁ። ታዲያ ለምን በቅሬታ ተራ ቁጥር ገባ ቢሉኝ፣ «እንጠራዎታለን» የምትለዋ ቃል የተነገረችበት ቀን እንዳይጠፋ ብዬ ነው።

ሁለተኛ። ከአምስት ወር በኋላ በእርግጥም ተጠራሁ፤ በስልክ። አንዲት ጨዋ ድምፅ ያላት ወጣት ከሆስፒታሉ እንደምትደውል ነግራኝ፣ በወረርሽኙ ወቅት አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ስለ ማድረግ የሕዝብ አመለካከት እየተጠና መሆኑን አስረዳችኝ። የሕዝብ አመለካከት መጠየቁ ራሱ አኮራኝ። በእኔ የአገልግሎት ዘመን የሕዝብ አመለካከት የሚታወቀው በር ሲደበደብ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ያደግሁበትን ሥርዓት ማስታወስ ግድ ሆነብኝ፤ ክቡርነትዎም ሳይቀጡበት አልቀሩም። ሲጠሩህ አቤት በል፤ ሲሰጡህ በሁለት እጅህ ተቀበል፤ ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልህ መጀመሪያ «ጠግቤአለሁ» በል። ሦስተኛውን የዘነጋ ልጅ በእኛ ትምህርት ቤት መዳፉ ማስመሪያ ይቀምስ ነበር። ነገር ግን «ጠግቤአለሁ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ወጥታ አታውቅም። ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፤ እንግዳው «ኧረ በቃኝ» ይላል፤ ባለቤቱ «እንግዲያውስ ለእኔ ስትል» ይላል፤ እንግዳውም የግዱን እንደ ሆነ ሁሉ ይቀርባል፤ ብዙውን ጊዜ በገበታው ዙሪያ ከእርሱ የባሰ የራበው የለም። የመጀመሪያው እምቢታ የደጃፍ እግር መጥረጊያ እንደ ማለት ነው፤ ጫማህን ትጠርግበታለህ እንጂ እዚያ ላይ ቆመህ አትቀርም።

እናም ወጣቷ «አባባ፣ ቀዶ ሕክምናውን አሁን ቢያደርጉ ይፈልጋሉ ወይስ ቢቆይም ግድ የለዎትም?» ስትለኝ፣ አንደበቴ ሰባ ዓመት የለመደውን መለሰላት። «ኧረ ቢቆይም ግድ የለኝም ልጄ፤ የባሰባቸው ይቅደሙ» አልኋት።

ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። በቤታችን ሕግ ጠመኔ ሰሌዳውን አንድ ጊዜ ሲመታ «አይሆንም»፣ ሁለት ጊዜ ሲመታ «አዎ» ማለት ነው። እርሷ አንድ፣ ቆይታ አንድ፣ ቆይታ ደግሞ አንድ እያለች ትመታ ጀመር። ወጣቷ «ምንድን ነው የሚንኳኳው አባባ?» አለችኝ። እኔም «ምንም አይደል፣ ጎረቤት ምስማር እየመታ ነው» አልሁ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ። «እውነት አባባ? አይቸገሩም?» እስክትለኝ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ፤ «እንግዲህ እንዲህ ካላችሁ» የሚለውን መልሴን ከንፈሬ ላይ አዘጋጅቼ። ወጣቷ «አመሰግናለሁ፣ መልካም ቀን» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

የጨዋ ሰው እምቢታ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምቶ በቀለም የሚሰፍርበት ዘመን ላይ መድረሳችንን ስላሳወቁኝ፣ እንዲሁም ሁለተኛዋን ጥያቄ በማስቀረት ስለ ተረፈችው የሦስት ሰከንድ የሥራ ሰዓት፣ ምስጋናዬ ወደር የለውም። በሦስቱ ሰከንድ ታላቅ ሥራ እንደ ተሠራ አልጠራጠርም።

ሦስተኛ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሆስፒታሉ አጥር ላይ ሸራ ተሰቀለ። እኔ የማየው ነጭ ነገር ሲውለበለብ ብቻ ስለ ነበር፣ አብሮኝ የነበረው የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ቆም ብሎ አነበበልኝ። «ከመቶው ሰማንያ ሁለቱ ቀዶ ሕክምናው ቢቆይም ግድ የለንም ብለዋል። ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን» ይላል አሉ። አንብቦ ሳይጨርስ ይስቅ ጀመር፤ ሲስቅም ብሽሽቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ እርሱ ሁለት ዓመት ሙሉ የብሽሽት ቡአውን በቀበቶ አጥብቆ አስሮ የሚሠራ ሰው ነው።

«ከሰማንያ ሁለቱ አንዱ ከፊትዎ ቆሟል ጋሼ» አለኝ። ለምን እንዲያ እንዳለ ብጠይቀው፣ «በአንድ በሽታ ገብቼ በሁለት ልውጣ እንዴ? ያም ሆኖ ፈራሁ ማለት አልሆነልኝም። ቀኑን ሙሉ በሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ የሚያንሸራትት ሰው ምላጭ ፈራ ቢባል ማን ጢሙን ይሰጠኛል? ግድ የለኝም ብል ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ አላስቻለኝም። ግቢያችን ውስጥ ወደምትኖረው ልብስ ሰፊ ሄድሁ። የሐሞት ጠጠሯ በተነሣ ቁጥር በስፌት መኪናዋ ላይ ደፍቷት ስትቃትት ግድግዳውን አልፎ ይሰማናል። በእኛ በኩል ዝም ስንል እንደ ሰማን ስለምታውቅ፣ መኪናውን ያለ ጨርቅ ታሽከረክረዋለች፤ ድምፁ ይሸፍንልኛል ብላ። እርሷም ተደውሎላት ኖሯል። «ሰው ትንፋሽ አጥቶ እየሞተ እኔ ስለ ጠጠር ባወራ ምን ይሉኛል አባቴ? ግድ የለኝም አልኋቸው» አለችኝ፤ ይህን ስትለኝም የበሩን መቃን ይዛ ነበር። በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃችን እንኳ በስልክ «አባዬ፣ አሁን ሆስፒታል እግርህን ብታነሣ ሁለተኛ አላናግርህም» ብላ ስታስፈራራኝ ከርማለች፤ ለእርሷ ሆስፒታል ማለት ያን ክረምት በቴሌቪዥን ያየችው የተሸፋፈኑ ሰዎች ሰልፍ ነው፤ አልፈርድባትም።

በመዝገብ ቤት ሥራዬ ፍርሃትን፣ ይሉኝታንና ኩራትን በአንድ አቃፊ አስሮ «ትዕግሥት» የሚል ርእስ የለጠፈ ጸሐፊ ቢኖር ኖሮ የአንድ ወር ደመወዝ አስቀጣው ነበር። እርስዎ ግን ሸራ አሠርተው አጥር ላይ ሰቀሉት። ደፋርነትዎን አደንቃለሁ። በተለይም የማደንቀው፣ ከበሩ ጥበቃ እንደ ሰማሁት፣ የዓይን ቀዶ ሕክምና ክፍል ከተከፈተ ሁለት ወር ያለፈውና በሳምንት ሁለት ቀን እስከ እኩለ ቀን ብቻ የሚሠራ መሆኑን ነው። ለምን ከሰዓት በኋላ እንደማይሠራ ብጠይቀው «ሕዝቡ ፍላጎት የለውም አባባ፣ ጥናቱ እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝ። ባዶ አልጋ በአንድ በኩል፣ ሰማንያ ሁለት ታጋሽ በሌላ በኩል፣ መካከላቸው አንድ ሸራ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው መሥሪያ ቤት በማየቴ ዕድሜዬን ባረክሁት፤ ባየው ኖሮ ማለቴ ነው።

አራተኛ። ይህን ተራ ቁጥር ሳስጽፍ ሦስት ጊዜ ከመስኮት በር ተመላልሻለሁ፤ ባለቤቴ ጠመኔውን ይዛ ትጠብቀኛለች። ቅሬታው በከፊል በራሴ ላይ የቀረበ ስለ ሆነ ነው።

ከሸራው በኋላ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ መጣ። በስልክ በሰጠሁት ቃል መሠረት ተራዬ ወደሚቀጥለው ዓመት መተላለፉን፣ ሐሳቤን ከቀየርሁ ግን በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ እንደምችል የሚገልጽ ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት ፖስታውን የከፈተችው ባለቤቴ ናት። አነበበችው። ጮክ ብላ ልታነብልኝ እንደማትችል ከላይ ገልጫለሁ። በወረርሽኙ ምክንያት ጎረቤት ከጎረቤት ቤት አይገባም ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ያለነው ማየት የሚሳነው አንድ ሰውና መናገር የሚሳናት አንዲት ሰው ብቻ ነበርን።

ሰሌዳዋን አነሣች፤ ጻፈችበት፤ ፊቴ ላይ ያዘችው። ከዚያች ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት ፊደሉ ጭልጥ ብሎ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ጥቁሩ ላይ ነጭ ጉም ብቻ ነበር የማየው። ይህንን ግን አልነገርኋትም። ሰው የሚስቱን አፍ ማንበብ አቃተኝ ብሎ እንዴት ይናገራል? የምትጽፈውን ከሰዓቱ፣ ከእግሯ ኮቴ፣ ከቁም ሣጥኑ አከፋፈት እየገመትሁ «እሺ»፣ «አየሁት»፣ «ነገ» እያልሁ እመልስ ነበር። ደግሞም ብዙ ጊዜ ይገጥምልኝ ነበር፤ ከአንድ ሰው ጋር አርባ ሰባት ዓመት ከተኖረ ጥያቄው ከሃያ አይበልጥም። ያን ዕለትም ጠዋት ሳሙና ማለቁን አውቅ ነበርና «እሺ፣ አየሁት» ብዬ ኮፍያዬን አደረግሁ፤ ከጥጉ ሱቅ ሁለት ሳሙና ገዝቼ ተመልሼ እጇ ላይ አስቀመጥሁላት።

እርሷ ሰሌዳው ላይ የጻፈችው «ይልቅ አሁኑኑ ማመልከቻ ጻፍላቸው፤ እኔ እገለብጠዋለሁ» የሚል ነበር።

ለዚህ መልሱ ሁለት ሳሙና ሆኖ ሲመጣላት፣ እጄን ታጥቤአለሁ፣ ይህን ነገር አታንሽብኝ ማለቴ መሰላት። ጠመኔዋን አስቀመጠች። አሥራ ሁለት ቀን አንዲት ፊደል አልጻፈችልኝም። እኔ ደግሞ ዝምታዋን ከግምቴ ስሕተት ጋር አያይዤ፣ ሳሙናው የማትወደው ዓይነት ይሆን እያልሁ ስጨነቅ ነበር። ክቡርነትዎ፣ ድምፅ የሌላት ሴት ስታኮርፍ ቤቱ ምን እንደሚመስል አላውቅም ቢሉኝ እድለኛ ነዎት። ሰዓቱ ሲቆጥር ሰማሁት። አሥሩ ቀን በዚህ መካከል አለፈ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰሌዳዋን አንሥታ ጻፈችና ዓይኔ ሥር አመጣችው። የሰላም ነው ብዬ ደስ አለኝ። «እኔም እንዲሁ ነው የማስበው፤ ልክ ነሽ» አልኋት። የጻፈችው «ደደብ ሽማግሌ» የሚል ነበር።

ጠመኔው ሲወድቅ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ እጄን ወሰደችና ዘርግታ፣ ያንኑ ከሰባ ዓመት በፊት በማስመሪያ የተቀጣውን መዳፌን ገልጣ በጣቷ ጻፈችበት። አራት ፊደል ነበር። አ፣ ታ፣ ይ፣ ም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መዳፌ ላይ ትጽፍልኛለች። አመሰግናታለሁ፤ ዳሩ ግን መዳፌ ገና አንደኛ ክፍል ነው፤ አንድ ቃል ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ትደግምለታለች። «ምሳ» ይገባኛል፣ «ዝናብ» ይገባኛል። የማይገባኝ ቀልዷ ነው። ቀልድ ፊደል በፊደል ሲመጣ መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ይበርዳል፤ እርሷም ይህን አውቃ ትታዋለች። ስድስት ዓመት ድምፅዋን አጥቼ አልጎደለብኝም ነበር፤ የጎደለብኝ በዚህ ሁለት ወር ነው። መቀመጥ ያቃተኝም ከዚህ የተነሣ ነው።

አምስተኛ። በማግስቱ ባለቤቴ በክርኔ ይዛኝ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። በመስኮት ቁጥር አራት፣ ከላስቲክ መጋረጃ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ «ጊዜው በሦስት ቀን አልፏል አባባ፤ ሲስተሙ ዘግቷል» አለኝ። ሲስተሙን የሚከፍተው ማን እንደ ሆነ ብጠይቅ መስኮት ሰባት ላከኝ፤ መስኮት ሰባት መስኮት አራትን ጠይቁ አለችኝ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሠላሳ አንድ እርምጃ ነው፤ አራት ጊዜ ስለ ለካሁት ሊያምኑኝ ይችላሉ። በመጨረሻ የመስኮት አራቱ ሠራተኛ አዘነልኝና «ደግሞም ደህና እየተራመዱ እኮ ነው የመጡት፤ ምን ያስቸኩልዎታል?» ብሎ፣ የሚቀጥለውን ዓመት የሕዝብ አመለካከት ጥናት እንድጠብቅ መከረኝ። ለዚህም ማረጋገጫ ይሆን ዘንድ አንድ ቅጽ አስፈረመኝ። ከፊርማው በላይ ምን እንደሚል ብጠይቀው «ከላይ ያለውን በራሴ አንብቤ ተረድቻለሁ ነው የሚለው» አለኝ።

ፈረምሁ። የፈረምሁበትም ምክንያት፣ በመዝገብ ቤት አርባ አንድ ዓመት ስሠራ ይህን ያህል ፍጹም የሆነ ሰነድ አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ነው።

ክቡርነትዎ፤ አሁን ወደ ልመናዬ እመጣለሁ፤ ልመናውም የሙያ ነው። እኔ በሠራሁበት ቤት ሁለት መዝገቦች ስለ አንድ ጉዳይ የሚናገሩ ሆነው ሲገኙ፣ በተለያየ መደርደሪያ ቢቀመጡም፣ በተለያየ ዓመት ቢከፈቱም፣ እንዲጣመሩ ይታዘዛል። ካልተጣመሩ የተሳሳተ ፍርድ ይሰጣል፤ ፈራጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ግማሹን ብቻ አንብቦ ነው። በእርስዎ ካርድ ክፍል ውስጥ አንድ መዝገብ «የዓይን ሞራ፤ ሊቆይ የሚችል» ይላል። ሌላ መዝገብ «የድምፅ ሣጥን ወጥቷል» ይላል። አድራሻቸው አንድ፣ የቤት ቁጥራቸው አንድ፣ የሚቀመጡበት ክፍል አንድ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ ኖሯል። ሁለቱ ይጣመሩልኝ። ከተጣመሩ በኋላም ማን ሊቆይ እንደሚችል ማን እንደማይችል እርስዎ ይፍረዱ፤ ፍርዱን ያለ ይግባኝ እቀበላለሁ።

የልብስ ሰፊዋንና የፀጉር አስተካካዩንም ካርድ በዚያው ቢያወጡልኝ። ከሸራው ጀርባ ያሉት ሰማንያ ሁለት ሰዎች ምን እንደሚሉ ለማወቅ ከፈለጉ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ደግመው ያስጠይቋቸው። ሁለተኛውን ጥያቄ።

ለእኔ ግን መጠየቁ አያስፈልግም። ሰው ጠያቂ ሲያጣ ራሱን መጠየቅ አለበትና፣ ዛሬ ጠዋት በመስኮቱና በበሩ መካከል ቆሜ፣ በዚያች ወጣት ፈንታ ሆኜ ራሴን ጠየቅሁት። «እውነት አባባ? አይቸገሩም?» አልሁት። በሰባ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልለመን የመለስሁት መልስ የሚከተለው ነው፤ እባክዎ በቀለም ይስፈርልኝ። እቸገራለሁ። አሁን እፈልጋለሁ።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ ስለ ወሰድሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ይህ ደብዳቤ ከተቻለ ከወረቀት መቃብሮች ሁሉ ጠለቅ ያለው ውስጥ ሳይገባ ከጠረጴዛዎ ላይ ጥቂት ቀናት እንዲያድር፣ ሸራውም ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ እንዳይወርድ በትሕትና እያመለከትሁ፣ ለትዕግሥቴ ስላደረጉልኝ ውዳሴ በታላቅ አክብሮት እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ከሰማንያ ሁለቱ አንዱ፣
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ኃላፊ

ተጨማሪ፦ ይህንን የምጽፈው እኔ ሚስቱ ነኝ። እርሱ ጣቴን ባስቀመጥሁለት ቦታ ላይ ፈርሞ፣ ወደ መስኮቱ ሄዷል፤ ከዚህ በታች ያለውን አላስጻፈኝም፣ አያየውምም። «ክቡርነትዎ» የምትለውን ቃል በየዐረፍተ ነገሩ አስጽፎኝ ነበር፤ አብዛኛውን አስቀርቼዋለሁ፤ ይገባዎታል ብዬ ያመንሁትን ያህል ትቻለሁ። ስለ ማኩረፌ የተናገረው እውነት ነው፤ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የማያይ ሰው ላይ አኩርፌአለሁ፤ ይህን ከራሴ በቀር ለማንም አላካፍልም። ሌላውን ግን እንካፈል። በዚያ ጥናታችሁ ውስጥ እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ጎረቤት ምስማር እየመታ ነው ተብዬ ተመዝግቤአለሁ። አንደኛ ክፍል ሳስተምር፣ አንድ ልጅ እጁን ሳያወጣ ሲቀር ገብቶታል ብዬ አላልፈውም ነበር፤ ያለፍሁትም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነበር። መልሳችሁን በደብዳቤ አትላኩልን፤ ስልክ ደውሉ። እርሱ ያነሣዋል፤ ጠባዩን አይተውምና ምናልባት ደግሞ «ኧረ ግድ የለም» ይላችሁ ይሆናል። አትስሙት። ጥቂት ዝም በሉና አዳምጡ፤ ሰሌዳ ላይ ጠመኔ ሁለት ጊዜ ሲመታ ትሰማላችሁ። መልሱ እርሱ ነው።